ጋሽ አሥራት ግቢ በር ላይ

ሱሉልታ፣ መስከረም

ውድ ወንዲ፣

ስትሄድ ያልኩህን ታስታውሳለህ? «አንተ መኪናህን ንዳ፤ እስክትመለስ ይህን በር በደንበኛ እሞላዋለሁ» ብዬህ ነበር። ሞልቷል። ይህን የምጽፍልህ ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። በመስኮቱ ሁለት አይሱዙ፣ አንድ ሲኖትራክ፣ ከኋላቸው ደግሞ ምንጣፍ የጫነ ባጃጅ ተራ ሲጠብቁ ይታዩኛል። አብሮኝ የሚያጥበው አጵሎስ ከጠዋት ጀምሮ የማሽኑን መርጫ ከእጁ አላወረደም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ስልክህን አታነሳም። መብትህ ነው። ይህን ወረቀት ገላን፣ መኪና ከምታቆሙበት ግቢ ለሚገባ ሾፌር እሰጠዋለሁ። ሰው የነገረህን ሰምተሃል፤ እኔ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ፤ ማታ ማታ ደብተሬ ላይ የዋልኩትን እንደምጽፈው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ይቅርታ ፍለጋ አይደለም። ይቅርታ ዕቃ ቢሆን ኖሮ የት እንደሚገኝ አጠያይቄ አመጣው ነበር።

መጀመሪያውን ታውቀዋለህ። የእጥበት ማሽኑን ከመርካቶ ይዘህ የመጣህ ቀን አባትህ ጋሽ አሥራት የግቢያቸውን በርና የጉድጓዳቸውን ውሃ ሰጡን። አስፋልት ዳር፣ የጎጃም መኪና ሁሉ ጭቃ ተለብጦ በሚያልፍበት ቦታ ሥራ አይጠፋም ብለን ነበር። ጠፋ። ሾፌሩ ሁሉ ባልዲና አሮጌ ቲሸርት አለው፤ ወንዝ ሲያገኝ ራሱ ያጥባል። ምንጣፍ፣ የግቢ ንጣፍ፣ የውሃ ሮቶ በማሽን ይታጠባል ብሎ የሚያስብ ደግሞ አልነበረም። አንተ ወደ ጅቡቲ መስመር የወጣኸው ለዚህ ነው። አልፈረድኩብህም።

ከሄድክ በኋላ አባትህ ምን ያደርጉ እንደነበር ግን አታውቅም። ጠዋት ዱካቸውን በር ላይ አውጥተው ይቀመጣሉ። ሰው ሳይመጣ ሲረፍድ፣ «ፀሐይ፣ በሩን እጠቡልኝ» ይላሉ።

«ትናንት እኮ ታጠበ፣ ጋሼ።»

«ይታጠብ! አላፊ አግዳሚው ሥራ ያላችሁ ይምሰለው።»

እንዲህ እያልን የብረት በሩን ሰማያዊ ቀለም አጥበን ጨረስነው። ያን የመጣህ ዕለት በሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግራ ገብቶህ በእጅህ ስትዳስሰው አይቼሃለሁ። ዕርጅና አይደለም፤ እሳቸው ለእኛ ደንበኛ ሆነው ነው።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ባነር አሠርቼ ሰቀልኩ፤ ነፋስ ወሰደው። በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ የድርቆሽ ክምሩን ሸፍኖበት አየሁ፤ ስልክ ቁጥራችን ወደ ላሞቹ ዞሯል። የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ፤ የገቡት እህቴና የእኛን ዋጋ የሚሰልሉ ሌሎች ባለ ላቫጆዎች ናቸው። ጥቁር የነበረ ምንጣፍ ሲነጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩ፤ ሰው ጉድ አለ፤ ከድሬዳዋ ተደወለ፣ ከቤሩት ተደወለ፣ ከሱሉልታ ግን ማንም አልደወለም። የቤሩቷ ልጅ «ጫንጮ እናቴ ቤት ሄዳችሁ እጠቡላት» አለችን። ማሽኑን ባጃጅ ላይ ጭነን ሄድን። እናትየዋ በበሩ ቀዳዳ አይተውን፣ «ምንጣፌን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» ብለው ዘጉብን።

ቡራዩና ሰበታ ድረስ ሄጄ አዳዲስ ግቢዎች በር ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ዘበኞቹ እኔ ዞር ሳልል ላጡት።

ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝ። የቲቲን ፀጉር ቤት የፊት ግድግዳ በነፃ ግማሹን ብቻ አጥቤ ግማሹን ተውኩት። ከአስፋልቱ ማዶ እንኳ ልዩነቱ ይታያል። ቲቲ ጠዋት መጥታ ስታየው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«አንቺ ፀሐይ! ግማሽ ፊቷን ታጥባ የወጣች ሴት አስመሰልሽኝ እኮ!»

«ሌላው ግማሽ በክፍያ ነው፣ ቲቲዬ።»

«ሞቼ ነው! እንዲያውም ደንበኞቼ ወደውታል፤ ‹በፊት› እና ‹በኋላ› ብዬ እጽፍበታለሁ።»

ጻፈችበትም። ማስታወቂያው ለእርሷ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የእኛ ሰው የሚያነበውን አያምንም፤ የሚያምነው የሚያውቀውን ድምፅ ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ግንቦት ውስጥ አንድ ንጋት ላይ ኦቦ ሊቤ የእድሩን ጡሩንባ ነፉ። በጭጋጉ ውስጥ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየለፈፉ በየመንደሩ አለፉ። በር ላይ ቆሜ አየሁ። ቤት ሁሉ ተከፈተ። ነጠላ ያልለበሰ አልነበረም። ልጆች ሆነን እንኳ ያን ድምፅ ስንሰማ ኳሱን ይዘን ቀጥ እንል ነበር፤ ታስታውስ የለ? ሰው ስለ ሟቹ ሲያዝን፣ እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የማስበው ሌላ ነበር። ይህን የሚያህል ገበያ የሚጠራ ሰው ሱሉልታ ውስጥ እያለ እኔ ባነር እሰቅላለሁ ብዬ በራሴ ሳቅኩ።

ኦቦ ሊቤን አባትህ በር ላይ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፣ እንደ ልጃቸው ሲጠሩኝ፣ «ይህ አፍ የሞት አፍ ነው። ደስ የሚል ነገር ተናግሬበት አላውቅም። መንገድ ላይ ሰው ሲያየኝ፣ ሰላም ልለው ስል፣ ‹ማን ነው?› ይለኛል። ሠርግ እንኳ ሲጠሩኝ ወደ ጓዳ ነው የሚያስገቡኝ።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ኦቦ። ጡሩንባው ይቅር። ድምፅ ማጉያ እገዛልዎታለሁ።»

ያን ጊዜ ነው አባትህ ከዱካቸው ላይ ጣልቃ የገቡት።

«ሊቤ፣ እስኪ አንድ ቀን እንኳ የምንወደውን ንገረን! የልጆቹን ስም ማንም አያውቀውም፤ የእኔን ስም ጥራ። ‹ጋሽ አሥራት ግቢ በር ላይ› በል። ያንን የማያውቅ የለም።»

ኦቦ ሊቤ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥርሳቸው ነጭ ነው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ወጡ። «እድርተኞች ስሙ! ምንጣፋችሁ የቆሸሸ፣ ሮቷችሁ አልጌ ያበቀለ፣ መኪናችሁ ጭቃ የለበሰ፣ ጋሽ አሥራት ግቢ በር ላይ በግፊት ውሃ ይታጠባል!» ለካ ሰው «እድርተኞች ስሙ» የሚለውን ሲሰማ ቀሪውን አያዳምጥም። በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ አንዷ «ወይኔ!» ብላ ጀምራለች። ቲቲ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተንጨብርሮ ሮጣ መጣች።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?»

«ምንጣፍ!» አላት አጵሎስ።

«አንቺ ፀሐይ፣ እንባዬን መልሺ!» ብላ ነጠላዋን ወረወረችብኝ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ መንደሩ በሙሉ ሳቀ። አባትህ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ዱካቸው ሊወድቅ ነበር። በዚያው ቀን፣ ለመሳደብ የመጡት ሳይቀሩ ምንጣፋቸውን ተሸክመው መጡ።

የእድሩ ዳኛ ጠሩኝና ተቆጡ። የሞት ድምፅ ለንግድ አይውልም አሉ። ተከራከርኩ። ጡሩንባውን አልነካንም አልኩ። ከዚያ፣ ታውቀኛለህ፣ ዋጋ አቀረብኩ፤ የእድሩን ድንኳንና ወንበር ሁልጊዜ በነፃ እናጥባለን አልኳቸው። ድንኳኑ እኮ ከስንት ዓመት የለቅሶ ጭስና ጭቃ በኋላ ጥቁር ነበር። ዳኛውና አብረዋቸው ያሉት ሽማግሌዎች ተያዩ። ተስማሙ። አጥበን ስንሰቅለው እንደ አዲስ ነጣ፤ ዳኛው ራሳቸው እየዞሩ በእጃቸው ደባበሱት።

ሥራው አደገ። ለቅሶና ሠርግ ከቡራዩ የመጡ እንግዶች ቁጥራችንን ይዘው ሄዱ። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ግቢውን በሙሉ አሳጠበን። ኦቦ ሊቤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቃሉን ያሳምሩት ጀመር፤ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀሉ፣ አንዳንዴ በዜማ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «ማን ነው?» ማለት ትቶ፣ «ኦቦ፣ ዛሬ ቅናሽ የለም?» ይላቸዋል። ካፖርታቸውን ለበዓል ብቻ የሚያወጡት ሰውዬ በሥራ ቀን ለብሰውት ወጡ።

ክረምት ሲገባ ድምፅ ማጉያው ውሃ ጠጥቶ ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ ሰው የሰውን ድምፅ አይሰማም። ኦቦ ሊቤ መጥተው፣ «ጡሩንባዋን አጠር አድርጌ ልንፋት?» አሉኝ። ለሞት ረጅም፣ ለእጥበት አጭር። ልዩነቱ ግልጽ ነው አልን። እኔም ተስማማሁ፣ አባትህም ተስማሙ። ዳኛውም ሰምተው ምንም አላሉም፤ ድንኳናቸው ነጭ ነበር።

አንድ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ጡሩንባ ተነፋ መሰለኝ።»

«ተይው ባክሽ፣ ምንጣፍ ነው።»

ወንዲ፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። ስማችን ታወቀ ብዬ። ነጋዴ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

አባትህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል፣ በእንቅልፋቸው አረፉ። ስልክህ አፋር በረሃ ውስጥ አይሠራም ነበር፤ ደጋግሜ ሞከርኩ። አጎትህ ከፍቼ ከተማ ደርሶ፣ «ሬሳ አያድርም፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መንገዱን ይዘጋዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ይቀበሩ» አለ። እኔም ወደ ኦቦ ሊቤ ሮጥኩ። ስነግራቸው ጡሩንባዋን ከግድግዳው ላይ አወረዱ። ረጅም ነፉ። እንደዚያ ረጅም ነፍተው አያውቁም። «እድርተኞች ስሙ! ጋሽ አሥራት...» ብለው ጮኹ። ዝናብ ነበር። ቅዳሜ ነበር። ስሙም በየቅዳሜው የሚጠራው ስም ነበር።

በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። በግንቦቱ ንጋት እንዳየሁት በሮቹ እስኪከፈቱ ድረስ ጠበቅኩ። አንድም አልተከፈተም። የቲቲ መስኮት ብቻ ትንሽ ገርበብ አለ፤ በመጋረጃው ውስጥ ሆና፣ «ፀሐይ፣ ዛሬ ምንጣፍ የለኝም በያቸው!» አለችኝና መልሳ ዘጋችው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በየቤቱ መሮጥ ጀመርኩ። ግን አንኳኪዋ ማን ናት? እኔ ነኝ። አንዱ ከውስጥ ሆኖ «ጭራሽ ቤት ለቤት ጀመርሽ?» አለኝ። አንዷ ሳትከፍት «በሚቀጥለው ሳምንት» አለች። «ሰው ሞቷል! ጋሽ አሥራት ሞቱ!» ብዬ ስጮኽ፣ ሳቅ የሰማሁበት ቤት አለ፤ የማን ቤት እንደሆነ አልነግርህም፤ ዛሬ ድረስ ቀና ብለው አያዩኝም። ያመኑኝ እየወጡ መጡ፤ ቲቲም ባዶ እግሯን እየጮኸች መጣች። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ገበያ ወርዷል፤ ወንዱ በሚኒባስ ወደ ሥራው ሄዷል። የሚቻለኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ስልክ ደወልኩ፣ ልጆች እያስሮጥኩ ላክሁ፣ ቴሌግራሙ ላይ ጻፍኩ። ምንጣፍ ሲነጣ ከሚያሳዩት ቪዲዮዎች በታች የአባትህን ስም ጻፍኩት። አንድ ሰው የሳቅ ምልክት አደረገበት።

ቃሬዛው ሲነሣ የሚሸከም ወንድ አልበቃም። ለመታጠብ ተራ ይዘው የቆሙ የጎጃም ሾፌሮች ከመኪናቸው ወርደው መጡ። አጵሎስ ቤተ እምነቱ ሌላ ነው፤ ያም ሆኖ የእጥበት ቡትስ ጫማውን ሳያወልቅ ከፊት ገባ። ዳገቱን ሲወጡ ከሾፌሮቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «እህቴ፣ ስማቸውን ማን ልበል?» አለኝ። ሱሉልታ ውስጥ ስማቸውን የማያውቅ የለም ብለው ነበር እኮ። እውነታቸውን ነበር። ያልመጡት የሚያውቋቸው ናቸው።

አንተ በማግስቱ ደረስክ። የድንኳኑን በር ገልጠህ ገባህ። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ አጎትህ፣ እኔ፣ ኦቦ ሊቤና ጥቂት ሴቶች ብቻ ነን። ቀና ብለህ ሸራውን አየህ፤ ወንበሮቹን አየህ፤ ከዚያ እኔን አየኸኝ። «ድንኳኑ ነጽቷል» አልክ። ሌላ ቃል አልተናገርክም። ወንዲ፣ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ ከነገርከኝ ቃል ጋር የሚተካከል ግን አላገኘሁም። እውነት ስለሆነ ይሆናል። ነጽቷል። የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ እንጂ።

በሰልስቱ መንደሩ ጎርፎ እንደመጣ አንተም አይተሃል። እያንዳንዱ ምክንያቱን ይዞ መጣ፤ ዝናቡን፣ ገበያውን፣ ራስ ምታቱን። እኔን ግን ማንም በቀጥታ አልወቀሰኝም። ዳኛውም አልወቀሱኝም፤ እንዴት ይወቅሱኛል? ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ለቅዳሜው ጥሪ የምሰጣቸውን ገንዘብ ኦቦ ሊቤ ተቀብለውኝ አያውቁም፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬንም አልተቀበሉኝም። ድምፅ ማጉያውን በፌስታል ጠቅልለው በሩ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ማስታወቂያውን አቆምኩ። ባነር የለም፣ ቪዲዮ የለም፣ ጥሪ የለም። የሚገርምህ፣ ደንበኛው ጨመረ። ስንጠራው የማይመጣው አሁን ሳንጠራው ይመጣል። ዋጋ ከፍ አደረግኩ፣ እንዲቀንስ ብዬ፤ «ጥሩ ቢሆኑ ነው» ብለው ሌሎች መጡ። ገበያን እንዴት እንደሚጠሩት አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚመልሱት ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እድሩ ተሰብስቦ መክሯል። ደወል እንግዛ ያሉ አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ይምታታል ተባለ። በስልክ መልእክት ይሁን ያሉ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ፣ «በመልእክት የተጠራ ሰው በመልእክት ነው የሚያለቅሰው» አሉ። ሌላ ለፋፊ እንፈልግ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። ኦቦ ሊቤን «ይቅርብዎት» ብሎ የሚናገር ጠፋ። ስለዚህ ነገሩ እንዳለ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ጡሩንባ ተነፋ። ረጅሙ ነው። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ። ማንም ቀድሞ አይራመድም። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ቲቲ ናት የጠየቀችኝ፤ ስታፌዝ አይደለም፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣

«ፀሐይ፣ ያንቺ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «የእኔ አይደለም።»

ተያዩ። አላመኑኝም፣ ወንዲ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። እንደዚያው እንደቆምን ኦቦ ሊቤ ከጭጋጉ ወጥተው በፊታችን አለፉ። የሟቿን ስም ጠሩ፣ የቀብሩን ሰዓት ተናገሩ። ድሮ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ዛሬ ቆሙና በየበሩ ያለነውን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ማርያምን፣ ሰው ነው የሞተው።»

ዕድሜ ልካቸውን ሲለፍፉ ሲምሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

የአባትህ አርባ ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ጡሩንባ አላስነፋም። ከአሁኑ ጀምሬ በየቤቱ በእግሬ እዞራለሁ፤ ባይከፍቱልኝ በር ላይ ቁጭ ብዬ እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ሰዉን እንደዚያ አድርጌ አመጣው ይሆናል። አንተን ግን በየትኛው በር እንደምጠራህ አላውቅም። ማሽኑ ያንተ ነው፤ ጉድጓዱም በሩም ያንተ ነው። መጥተህ ብታስዘጋኝ አልከራከርህም።

በሩን ቀለም አላስቀባሁትም። እሳቸው እንዳሳጠቡት ይቆይልህ ብዬ ነው።

እዚያው በሩ ላይ ያለሁት፣
ፀሐይ